እግሯን ያጣችው ቢ

የራሰ ወረቀት ሽታ ታውቃላችሁ? የራሰ ጋዜጣ አላልኩም፣ እሱን ማንም ያውቀዋል። እኔ የምለው ከቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ በጥፍር ተፈልቅቆ የሚነሳውን፣ ሙጫና ብቅል የተቀላቀለበትን፣ ትንሽ ኮምጠጥ ትንሽ ጣፈጥ የሚለውን ነው። ባለፈው ሰሞን ከዓይን ሐኪም ስንመለስ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ እንዳልን ዝናብ ያዘንና እኔና ባለቤቴ አንዲት ግሮሰሪ በረንዳ ላይ ተጠለልን። አጠገባችን የነበረ ጎረምሳ ቢራውን ጨርሶ ሲሄድ ጠርሙሱ እኔ ፊት ቀረ። ላብ ላብ ብሎታል። እጄ እኔን ሳያስፈቅድ ሄደ፤ አውራ ጣቴን ከወረቀቱ ጥግ አስገብቼ ቀስ፣ ቀስ እያልኩ መላጥ ጀመርኩ።

«ዘነቡ፣» አለ ተካልኝ። ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ስለሸፈናቸው ከክንድ ርቀት ወዲያ ጥላ እንጂ ሰው አይታየውም፤ ጆሮው ግን የሌባ ነው። «እየላጥሽ ነው?»

«አዎ።»

«የሰው ጠርሙስ?»

«ባለቤቱ ሄዷል፣ አትጨነቅ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣» አለና ሳቀብኝ። ይህችን ተረት ከተጋባን ጀምሮ ሲተርትብኝ ኖሯል። ቆየት ብሎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን ይመስላል?» አለኝ።

«ምንም አይመስል። ብርማ መደብ፣ ቀይ ክብ። እንስሳ የለው፣ ሰው የለው፣ የባንክ ማስታወቂያ ነው የሚመስለው።»

«ፊደሉስ?»

«እንግሊዝኛ። አማርኛው ከታች ነው፣ ቅንድብ የምታህል።»

«አይ ጊዜ፣» አለ።

እንግዲህ እኔ የቢራ ወረቀት ሰብሳቢ ነኝ። ልጆቹ ዛሬ ሌብል ይሉታል፣ ለእኔ ወረቀት ነው። ቢራ ግን ቀምሼ አላውቅም፤ ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቅብኛል፣ ይሳቅ። ያኔ ከእትዬ ሸዋረገድ ቡና ቤት ባንኮኒ ጀርባ የምቆም ኮረዳ ነበርኩ። ቤቱ ፒያሳ፣ ከሲኒማ ቤቱ ጎን ቁልቁል በምትወርደው ቀጭን መንገድ ላይ ነበር። አሁን ቦታው ሰፊ መንገድ ሆኗል፣ አበባ ሳይቀር ተተክሎበታል፤ ባለፍኩ ቁጥር ባንኮኒው በየት በኩል እንደነበር ቆሜ ላስታውስ እሞክርና መኪና ይጮህብኛል። ያን ጊዜ ቢራ በሽልንግ፣ የሙዚቃው ሣጥን በስሙኒ ነበር። ወንዱ ሁሉ መንገድ የሚጠርግ ቦላሌ ለብሶ፣ ጎፈሬውን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ማበጠሪያውን እዚያው ጎፈሬው ላይ ሰክቶ ይመጣል፤ ከመቀመጡም በፊት መስታወቱ ፊት ቆሞ አንድ ዙር ያበጥራል። እትዬ ሸዋረገድ ከጓዳ ብቅ ትልና፣ «እናንተ፣ ይሄ ቡና ቤት ነው ወይስ ፀጉር ቤት?» ትላቸዋለች። ደግ ሴት ነበረች፣ አፏ ግን እሳት ነው። ነፍሷን ይማር።

ፍሪጁ ለሁሉም ጠርሙስ ስለማይበቃ ግማሹ ቢራ በርሜል ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ነበር የሚቀዘቅዘው። ታዲያ ወረቀቱ ይላቀቅና ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። እትዬ ሸዋረገድ ደግሞ ራቁቱን የሆነ ጠርሙስ ለደንበኛ አታቀርብም፤ «ልብስ የሌለውን ማን ያምናል?» ትላለች። የእኔ ሥራ እነዚያን ወረቀቶች በወንፊት እያወጣሁ በዱቄት ሙጫ መልሼ መለጠፍ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብዙ ጊዜ የአንዱን ለአንዱ አልብሻለሁ። ደንበኛው ያንን ጠጥቶ ምላሱን ያጣጥምና፣ «ይሄ ነው እንጂ ቢራ! ያ የወዲያኛው እኮ ራስ ያማል፣» ይላል። የጠጣው ያንኑ የወዲያኛውን ነው። እኔ ባንኮኒ ሥር ጎንበስ ብዬ በሻሼ አፌን አፍናለሁ። ከሚያምሩት ደግሞ አንድ አንዱን እያስቀረሁ መስኮት መስታወት ላይ እለጥፋለሁ፤ ሲደርቅ ራሱ እጥፍ ሳይል ይወድቃል። እንዲህ ነው የተጀመረው።

የፋብሪካ ስም የሚጠራ ሰው አልነበረም። «ባለ ድልድዩን ስጪኝ፣ ባለ ፀሐይዋን ድገሚኝ» ነው። ግማሹ ማንበብ አይችልም፣ የሚችለውም በዓይኑ ነው የሚጠጣው። ባለ ድልድዩ ሦስት ቅስት ነበረው፣ ከሥሩ ወንዝ። የሚታተመው በየቀለሙ በየተራ ነውና አንዳንዴ ሰማያዊው ትንሽ ፈንጠር ብሎ ያርፋል፣ ያኔ ወንዙ ከዳርቻው ወጥቶ ሣሩ ላይ ይፈስሳል። እኔ ሁለቱም አሉኝ፤ ልኩን የያዘውን የበጋው ድልድይ፣ የፈሰሰውን የክረምቱ ድልድይ እላቸዋለሁ። የክረምቱን አብልጬ እወደዋለሁ። ባለ ፀሐይዋ ክብ ነበረች፣ ጠርዟ ወርቅ፤ ለጠርሙሱ አንገት ደግሞ ለብቻው እንደ ከረባት ያለች ትንሽ ወረቀት ነበረቻት፣ ስትቀርብ ሠርግ የሚሄድ ሰው ነው የምትመስለው። ባለ ጎፈሬዋስ! ትልቅ ሎቲ ያደረገች ቆንጆ፣ በየትም በኩል ብትቀመጥ አንተን ነው የምታይህ። አንድ ቀን የአንዱ ደንበኛ ሚስት መጥታ በፀጉሯ መርፌ የጠርሙሱን ሴት ሁለት ዓይኗን ወግታ ሄደች። እሷም አልበሜ ውስጥ አለች፣ ከነዓይነ ስውርነቷ።

እነዚህን ሁሉ በዓይን ብቻ ሳይሆን በልብም ማየት ያስተማረኝ ግን ተካልኝ ነው። እሱ ወደ ቸርችል ጎዳና በሚወርደው በኩል በነበረ ማተሚያ ቤት ፊደልና ሥዕል ይሠራ ነበር። ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ ሰማያዊ አይጠፋም። ቁመቱ መለሎ፣ ፈገግታው የዋህ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ ግን አናቱ እንደ ሎሚ ተልጦ ነበር። ጎፈሬ በነገሠበት ዘመን በራ መሆን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት! ፒያሳ ደግሞ ይህን የመሰለ ነገር አግኝታ ዝም አትልም። «ተካ፣ ማበጠሪያህን ለማን አወረስክ?» ይሉታል። እሱ ይስቃል እንጂ አይቆጣም። አንድ ነገር ላይ ብቻ ነበር ቀልድ የማያውቀው፣ ፊደል ላይ። «ፊደል እግር አለው፣ እግሩን ካልጠበቅህለት ይወድቃል፣» ይል ነበር። ወርቅ ቀለም ሁልጊዜ መጨረሻ እንደሚታተም፣ ከሁሉ በላይ ስለሚያርፍም ከሥሩ ያለውን እንደሚሸፍን የነገረኝም እሱ ነው።

ከዚያ የእርግብ ቢራ መጣ። አዲስ ቢራ ነበር፣ ዕድሜው አጭር ሆኖ ቀረ እንጂ። ወረቀቱን የመሥራት ዕድል የደረሰው ለተካልኝ ነው። ስንት ሰሞን እንደደከመበት! ነጭ እርግብ ክንፏን ዘርግታ፣ ከበላይዋ ሰማይ፣ ከሥሯ ሁለት የገብስ ዛላ ተቆላልፎ፣ የዛላው ጢም በወርቅ። ስሙ ከእርግቧ ደረት ዝቅ ብሎ፣ ዛላው በሚጀምርበት፣ በሰማያዊ ፊደል። እውነት እላችኋለሁ፣ እንደሷ ያለ ወረቀት ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ አላየሁም። የመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች ፒያሳ የገቡ ቀን አንድ ጠርሙስ ለጎረቤታችን ለፀጉር አስተካካዩ ሰጠሁት። አነሳው፣ ወደ አምፖሉ አዞረው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፦ «እርግብ... በራ!»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። በቢ ቀኝ እግር ታች ያለችው ጭረት የለችም፤ ቢራው በራ ሆኖ ቁጭ ብሏል። «ወይ ጉድ! ርግብም እንደ ሰው ትመለጥ ጀመር?» አለ አንዱ። ያን ዕለት ማታ ቢራ የሚባል ነገር ከፒያሳ ጠፋ። «አንድ በራ!» «ሁለት የቀዘቀዘ በራ!» «ይሄ በራ ሞቋል፣ ቀይሪልኝ!» በኋላ ደግሞ ተካልኝን የሚያውቅ አንድ ምላሰኛ ተነስቶ፣ «ሠዓሊው ራሱ በራ አይደል እንዴ? ፊርማውን ነው ያስቀመጠው!» አለ። አለቀ። ነገሩ በአንድ አዳር ከጊዮርጊስ እስከ እሪ በከንቱ ደረሰ።

በማግስቱ ተካልኝ ሲገባ ከወዲያ ጥግ አንዱ «በራ!» ብሎ ወደ እኔ ተጣራ፤ ቢራ ማዘዙ ነው። ተካልኝ ዘወር አለ። የጠሩት እሱን መስሎታል። እንዲያው ያን ፊቱን ዛሬም አልረሳው። ጥግ ሄዶ ተቀመጠ፣ እርግቧን አዘዘ፣ ሳመጣለት ጠርሙሱን ሳያይ ወረቀቱን ወደ ግድግዳው አዞረው። አንጀቴን በላው። ቢራውን ብርጭቆው ላይ ገለበጥኩለትና ጠርሙሱን በሽርጤ ሸፍኜ አነሳሁት።

«ወንድሜ፣» አልኩት፣ «ከነገ ጀምሮ ድራፍት ጠጣ። ድራፍት ወረቀት የለውም።»

ትንሽ ሳቀ። ያቺ ሳቅ ናት እኔን የወሰደችኝ። እሱም ይኸው እስከ ዛሬ ከድራፍት ሌላ አፉ አይገባም።

ሣጥኖቹ ተመልሰው ተሰበሰቡ፣ የቀረው ወረቀት ማተሚያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ተቃጠለ። አለቃው «የቢን እግር፣ ያቺን ጭረት፣ ረስተሃል» አለው። እሱ ደግሞ «አልረሳሁም፣ ሠርቻታለሁ፤ ወርቁ የዛላ ጢም ከላይዋ አርፎ ነው የሸፈናት» አለ። መጀመሪያ የሣለው ወረቀት ተፈለገ፣ ጠፍቷል። ማን ይመስክርለት? ወረቀት ቆራጭ አድርገው ወደ ኋላ ክፍል አዛወሩት፤ ጡረታ እስኪወጣ ሲቆርጥ ኖረ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ፊደል አልሣለም። ሰው እየለመነው እንኳ፣ «እጄ አይታመንም» ይላል። ልጃችን ሰናይት አንደኛ ክፍል የገባች ጊዜ ደብተሯን በላስቲክ ሸፍና መጣችና፣ «አባዬ፣ ስሜን በቆንጆው ጻፍልኝ» አለችው። ደብተሩን በሁለት እጁ ያዘ፣ አገላበጠው፣ መለሰላት። «እናትሽ ትጻፍልሽ፣» አለ። የእኔ ጽሕፈት ዶሮ የጫረው ነው። ልጄ እሱን ተሸክማ ትምህርት ቤት ሄደች።

የሌሎቹን ወረቀቶች ግን ይወዳቸው ነበር። ማታ ማታ አልበሙን ዘርግተን፣ ይሄ ቢጫ ከዚያ ቢጫ እንዴት እንደሚለይ ሲያሳየኝ እናመሻለን። ስለ እርግቧ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሳው፤ «እሷን እንኳ አንድም አላስተረፉ፣ አቃጠሏት፣» አለ። አልነገርኩትም እንጂ የዚያች በሽርጤ የሸፈንኳት ጠርሙስ ወረቀት ተልጣ፣ ደርቃ፣ በምጸልይበት ዳዊቴ ልባስ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ላሳየውና ቁስሉን ልነካካው አልፈለግሁም። ዓመቱ ነጎደ፣ ልጅ ወለድን፣ ሸበትን፣ እሱ እንኳ የሚሸብት የለውም፣ ሰፈራችንም ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ገባን። እሷ ከዳዊቴ ጋር አብራ ዞረች።

አሁን ወደዚያች ግሮሰሪ በረንዳ እንመለስ። ዶክተሯ ያን ዕለት ጠዋት፣ «አባባ፣ ሞራው በስሏል፣ ብዙ ከቆየ ግን ይከብደናል። ሥራው ራሱ ቀላል ነው፣ አይፍሩ፣» ብላው ነበር። «አስብበታለሁ ልጄ» አላት። በእሱ ቋንቋ እንቢ ማለት ነው። ሰናይት ስታለቅስበት ከርማለች፣ እኔም ተቆጥቼዋለሁ፣ ወይ ፍንክች።

«ለምን ነው እንቢ የምትለው?» አልኩት ዝናቡን እያየሁ።

«ምን ቀረኝና ነው የማየው? ፒያሳ እንደሆነች ከነሱቆቿ ከነታክሲዎቿ እዚህ ውስጥ አለችልኝ፣» አለና አናቱን ነካ አደረገ። «ዓይኔን አብርታችሁ መፍረሷን ልታሳዩኝ ነው?»

እጄ ላይ ያ የባንክ ማስታወቂያ መሳይ ወረቀት ግማሹ ተቀዶ ይዤዋለሁ። በቃ፣ ምላሴ ቀደመኝ።

«እርግቧ አለች፣» አልኩት።

«የትኛዋ እርግብ?»

«በራዋ።»

ተነሳ። እዚያ ዝናብ ውስጥ፣ በትሩን እንኳ ሳይዝ ወጣ። ሮጬ ክንዱን ያዝኩት። «ወረቀት እኮ ነው አንተ ሰው፣ ጅብ አይደለም!» እያልኩ ሰው እያየን እስከ ታክሲው ድረስ ተጎተትን። ቤት ገብተን እንኳ አላናገረኝም። እራቱን በላ፣ እጁን ታጠበ፣ ተቀመጠ። ከዚያ በቀስታ፣ «የት ነው ያለችው?» አለኝ።

ዳዊቴን አምጥቼ ልባሱን ፈታሁና መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። በአውራ ጣቱ ዳበሳት፣ ወርቁ ከፍ ብሎ ይዳበሳል። አፍንጫው ድረስ አስጠጋት፣ ወደ መስኮቱ አዞራት፣ አዘነበላት። ጉም ነው የሚታየው።

«እግሯ አለች?» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያን ዕለት ጠርሙሱን ወደ ግድግዳ አዙሮት ነበርና ስህተቱን በዓይኑ አይቶት አያውቅም! የሰው ሳቅ ብቻ ነው የሰማው። ሠርቻታለሁ ብሎ ኖረ፤ ግን ልቡ እርግጠኛ አልነበረም።

«ከወርቁ ሥር ሰማያዊ ይታይሻል? ቀና ብላ ያለች ትንሽ ጭረት?»

አየሁ። መነጽሬን አውልቄ አየሁ፣ አድርጌ አየሁ። «አዎ አለች» ብለው በደስታ እንደሚያድር አውቃለሁ። ግን ይህ ሰው የሌላውን ሰው ዓይን ለፊደል አምኖ አያውቅም። «እኔ እንጃ ተካ። ለእኔ ወርቅ ብቻ ነው የሚታየኝ። አንተው ብታያት ነው የሚሻለው፣» አልኩት።

ወረቀቷን እንደገና በጣቱ ዳበሳት። «ሰናይትን ጥሪያት፣» አለ በመጨረሻ። «ለዚያች ለዶክተሯ ትደውልላት።»

መጀመሪያ የቀኝ ዓይኑን ሠሩለት። ፋሻው የተነሳ ቀን ከሐኪም ቤት ወጥተን፣ አንድ ጊዜ ፒያሳን ዞር ብሎ አየና፣ «ሰፋች፣» አለ፤ ሌላ ነገር አልተናገረም። ቤት እንደገባን ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ሰናይት ማጉያ መስታወት ገዝታ ነበር፣ ሰጠችው። እኔ እጄ ሥራ ይፍታ ብዬ አንድ ድስት ሁለት ጊዜ አጠብኩ።

«የለችም፣» አለ።

«ማን?»

«እግሯ። ከወርቁ ሥርም የለችም። ነይ እዪ፣ እዚህ ጋ ብዕሬን አንስቻለሁ፣ የእግሩን ጫፍ አሳምሬ ዘግቼዋለሁ። ረስቻታለሁ፣ ዘነቡ። እኔው ነኝ የረሳኋት።»

ምነው ባላወጣኋት፣ ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ። ዞር ብዬ ሳየው ግን የሰውየው በራ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ቀልቷል፤ ይስቃል፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው ይስቃል። «ያን ሁሉ ዘመን ወርቁን ስረግም!» ይላል። «ያ ምስኪን ወርቅ ምን አደረገኝ? ሰናይት፣ እዪ፣ አባትሽ ርግብን መላጣ አድርጎ ፒያሳን በሞላ አጠጣ!» ልጄም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ አለቀስኩም፣ ደግሞ ምን ይደረግ?

ሳቁ ሲበርድለት፣ «እስክሪብቶ አምጪልኝ፣ ሰማያዊ፣» አለኝ።

እውነት ለመናገር፣ ደነገጥኩ። በዓለም ላይ አንዲት የቀረች ወረቀት ናት፣ ስጠብቃት ነው የኖርኩት! ግን እጁን ማን ይከለክለዋል፣ የእሱ እርግብ አይደለችም እንዴ? ሰጠሁት። ጎንበስ አለ። የእስክሪብቶውን ጫፍ ከ«በ»ዋ እግር አጠገብ አደረሰ። ያ «አይታመንም» ያለው እጅ አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ቆም አለና፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ በጣቱ እየተከተለ አነበባት። «እርግብ... በራ።» በግራ እጁ አዲሷን ዓይኑን ነካ አደረገ።

«ይቅር፣» አለ። «ልክ ነው የተጻፈው። በራ።»

ወረቀቷን መለሰልኝ፣ እኔም ወደ ዳዊቴ ሳይሆን ወደ አልበሙ፣ ከክረምቱ ድልድይ ጎን አገባኋት። እስክሪብቶውን ግን አልመለሰልኝም። ጣቶቹ መካከል አንዴ እያዞረ፣ አንዴ ጫፉን በብርሃን እያየ ተቀምጦ ቆየ። ኋላ ወደ ልጃችን ዞረ፤ እሷም ዛሬ እንደኔው ፀጉሯ ገብስማ ሆኗል።

«ሰናይት፣» አላት፣ «እስቲ ደብተርሽን አምጪ።»